ማክሰኞ፣ ከመነጽር ቤቱ በላይ

የመጽሐፍ ጠራዡ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። በዚያ ሰሞን ግን የአንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ገጾችን ገልብጦ ሰፋና ሥራው ተመለሰበት። ታላቅ እህቱ ይህን ስትሰማ፣ "እኔ ነኝ አንተን የምቀብርህ ወይስ አንተ እኔን?" ብላ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችው። ነርሷ መጠጥ ለመተው የሚሰበሰቡ ሰዎች እንዳሉ ነገረችውና አድራሻቸውን በቁራጭ ወረቀት ጻፈችለት፦ ማክሰኞ፣ አሥራ አንድ ተኩል፣ ከመነጽር ቤቱ በላይ።

ያስጨነቀው ይህን ከቆራጡ መደበቁ ነበር። ቆራጡ በማተሚያ ቤቱ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮት የሠራ ጓደኛው ነው። ቅጽል ስሙ ከሥራው የመጣ ቢሆንም ቀልድም ነበረበት፤ ምሳ የት እንብላ ቢሉት እንኳ መወሰን የማይችል ሰው ነው። ከማክሰኞ በስተቀር በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ እዚያችው መጠጥ ቤት፣ እዚያችው ጥግ ተቀምጠው ጂን ይጠጣሉ። ማክሰኞ ቆራጡ የእናቱን ጉልበት ሊያሽ ይሄዳል።

"ወዴት ነህ?" አለው ቆራጡ ማክሰኞ ከሥራ ሲወጡ በር ላይ።

"ጥርሴን ላሳይ ነው።"

"ይማርህ። እኔም እናቴ ጋ ነኝ" ብሎ ቆራጡ ቀድሞት ተፈተለከ።

ጠራዡ መነጽር ቤቱን አግኝቶ ደረጃውን ሲወጣ የስፌት ማሽን የሞላበት ክፍል ውስጥ ገባ። የስፌት አስተማሪዋ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች ቀና ብላ አየችውና በጣቷ ወደ ላይ አመለከተችው። "የእናንተ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነው" አለችው። ሳይጠይቃት ከፊቱ አውቃ "የእናንተ" ማለቷ አሳፈረው።

የላይኛው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከመግባቱ በፊት የሚያውቀውን ድምፅ ሰማ።

"ዛሬ ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀኔ ነው። አንድ ጠብታ አልቀመስኩም።"

ጭብጨባ ተከተለ። ቆራጡ ነበር።

ጠራዡ መጀመሪያ ሰዎቹን እያታለላቸው ነው ብሎ አሰበ። ትናንት እንኳ ሦስት ሦስት ጠጥተዋል። ከዚያ የመጠጥ ቤቷ አስተናጋጅ ትዝ አለችው። ለእሱ ፊቱ ከጠርሙሱ ትቀዳለታለች፤ የቆራጡን ብርጭቆ ግን ሁልጊዜ ከውስጥ ሞልታ ነው የምታመጣው። ውሃ ነበር።

ስብሰባውን የሚመሩት ጡረታ የወጡ መምህርት ከወንበራቸው ተነሱ። "ይግቡ፣ ቦታ አለ።" ቆራጡ ዞሮ ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። አጠገቡ የተቀመጠው ሹፌር፣ "ጠራዡ ይሄ ነው እንዴ?" አለ በለሆሳስ፤ ሁሉም ግን ሰሙት።

"ያውቁኛል?" አለ ጠራዡ።

መምህርቷ አንገታቸውን ደፉ። "ስለ እርስዎ ብዙ ጊዜ ያነሳልናል። ተጨንቆ ነው።"

ጠራዡ ዞሮ ወጣ፤ ቆራጡም ተከተለው። ደረጃው ላይ ቆሙ።

"ሚስቴ ጥላኝ የሄደች ቀን ያለቀስኩትንም ነገርካቸው?"

ቆራጡ እጁን ዘርግቶ ከኋላው በሩን ዘጋው።

"ስምንት ወር አንተ ውሃ እየጠጣህ እኔን ስታስጠጣኝ ነበር?"

"ብነግርህ ትሸሸኛለህ ብዬ ነው። ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?"

"ባለፈው ወር ቦይ ውስጥ ስወድቅ ሁለታችንም ሰክረን መስሎኝ ነበር። አብረኸኝ ስቀሃል።"

"መሳቅ ነበረብኝ። ታውቅብኛለህ ብዬ ፈራሁ።"

"እሺ፣ ልሂድ ስል 'አንድ ጨምር' የምትለኝስ?"

ቆራጡ የደረጃውን ብረት ያዘ። "ቶሎ ተነስተህ እንዳትሄድብኝ ነው" አለ።

"ጥርሴን ብዬ ስለዋሸሁህ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ነው የዋለው" አለ ጠራዡ፤ ወረደም።

እግሩ በለመደው መንገድ መጠጥ ቤቱ አደረሰው። አስተናጋጇ ገና ሳይቀመጥ ብርጭቆ አወጣች።

"አንቺም ታውቂ ነበር?"

"እሱ ነው አትናገሪ ያለኝ፣ ጋሼ" አለችና ቀዳችለት። ብርጭቆውን አየው። ጠምቶት ነበር፤ ግን ከዚያች እጅ የተቀዳ ነገር አልዋጥ አለው። ጥሎት ወጣ። ቤት ሲደርስ ሁሉንም ለእህቱ ነገራት። ያለወትሮዋ ሳትቆጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ነርሷን ሌላ ቀን እንዳለ ጠየቃት። ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ሰፈር የሚሰበሰቡ ነበሩና እዚያ ሄደ። በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሥራውን ብቻ ተናገረ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እህቱ በር ድረስ ትሸኘው ነበር። ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ጠጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ ሄደ።

ማተሚያ ቤት ውስጥ ቆራጡ የቆረጠውን ወረቀት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ ጠራዡ ቀና ሳይል ይቀበላል። አንድ ቀን ቆራጡ ቆሞ ቀረ። "ይቅር በለኝ" አለው።

"ለሃያ ሰው የነገርከውን ከእኔ ብቻ ነው የደበቅከው" አለ ጠራዡ። "ጠላቴ ብትሆን ባልከፋኝ።"

እህቱ ይቅር በለው ትለዋለች። እሱም አንድ ቀን ይል ይሆናል፤ እስካሁን ግን አልወጣለትም።

በሰባተኛው ቅዳሜ ተራው ሲደርሰው መናገር ፈለገ። አስቀድሞ ግን፣ "ይህን ከዚህ ክፍል እንዳታወጡብኝ" አለ። ሁሉም ቃል ገቡለት። የአንዳቸውንም ቃል አላመነም፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራቸው።