ዘጠኝ አለቃ ባንድ ወንበር

ጉዱ የፈላው የድንቡሼ አክስት አባቱ ለሞተበት ሰው የሳቅ ምስል የላከች ቀን ነው።

አክስት ዓይነ ስውር ናት። አንድ የታክሲ ድርጅት ውስጥ ተቀምጣ የደንበኛ መልእክት ትቀበላለች፣ ለሾፌሮች ታስተላልፋለች። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታበታለች። ስልኳ ጣቷ ያረፈበትን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ «ላክ»፣ «ሰርዝ»፣ «ደውል» ይላታል፣ እሷም ዓይን ያለውን ሁሉ ታስከነዳለች። ከዚያ መልእክት የምትቀበልበት አፕ ታደሰ ተባለና ድምፁ ሁሉንም ነገር «ቁልፍ» ይላት ጀመር። መላኪያውም ቁልፍ፣ መሰረዣውም ቁልፍ፣ መደወያውም ቁልፍ። ሰውየው «አባቴ አርፎብኝ ነው፣ ለቀብር ሁለት መኪና» ብሎ ጻፈ። አክስት «እሺ» ልትለው አንዱን ቁልፍ ተጫነች። የደረሰው ግን እንባው እስኪፈስ የሚስቅ ቢጫ ፊት ነው። ለቀስተኛው ድርጅቱ ድረስ መጥቶ ጠረጴዛ ደበደበ።

«ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አላየሁም አልኩት» አለች አክስት በስልክ። «ካረገው ሠላሳ ዓመቱ መሆኑን ማን ይንገረው!» ስቃ ሳትጨርስ ድምፇ ተሰበረ። «ድንቡሼ፣ ባለቤቱ እስከ መጪው ቅዳሜ ካልተስተካከለ ዓይን ያላት እቀጥራለሁ ብሎኛል። ምን ላድርግ? ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ልዳብስ?»

ድንቡሼን ያሳደገቻት ይህችው አክስት ናት። ድንቡሼ ደግሞ ያንን አፕ የሚሠራው ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ፕሮግራመር ናት። ይባስ ብሎ አፑ የገዛ ቡድኗ ሥራ ነው! ሲያድሱት የቁልፎቹን ስም መጻፍ ረስተዋል፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ የአሥራ አንዱንም ቁልፍ ስም ጽፋ ጨረሰች። «እቴቴ፣ አይዞሽ፣ አልቋል» አለቻት። ቸኩላ ነበር።

ምክንያቱም ማጽደቅ የሚባል ነገር አለ። በዚያ ኩባንያ ጎበዝ ሠራተኛ ደመወዝ ይጨመርልኝ ሲል አለቃ ያደርጉታል፤ ሌላ መጨመሪያ መንገድ የለም። እንዲህ እያሉ እያሉ ድንቡሼ ያለችበት ዘርፍ ውስጥ እጁ ሥራ የሚነካ አሥራ አንድ ሰው ቀረ፣ ከነሱ በላይ ደግሞ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ዘጠኝ አለቆች። የቡድን መሪ አለ፣ የቡድን መሪዎች አስተባባሪ አለች፣ የአስተባባሪዎች ተቆጣጣሪ አለ፣ ከሱ በላይ ያሉትን ሠራተኞቹም አጥርተው አያውቋቸውም። አንዲት ነጥብ ለመቀየር ዘጠኙም ማጽደቅ አለባቸው።

የቅርብ አለቃዋ ከሁለት ዓመት በፊት ጎኗ ተቀምጦ ኮድ የሚጽፍ ጨዋ ልጅ ነበር። አሁን ሠራተኛው «በመርህ ደረጃ» ይለዋል።

«በመርህ ደረጃ እስማማለሁ» አላት።

«ታዲያ አጽድቀው።»

«በመርህ ደረጃ ነው ያልኩሽ። ከአተገባበር አንፃር ከኔ በላይ ያሉት ቢያዩት ይሻላል።»

ከሱ በላይ ያሉት ወይዘሮ «እናየዋለን» ይባላሉ። እሳቸውም ከስክሪናቸው ቀና ሳይሉ «እናየዋለን» አሏት።

«የምትጠብቀው እኮ ማየት የማትችል ሰው ናት!» አለች ድንቡሼ።

«እሱንም እናየዋለን።»

ማክሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ዘጠኙም መጡ። ቁልፉ «ላክ» ይባል ወይስ «አስተላልፍ» በሚለው ላይ አርባ ደቂቃ ተከራከሩ፤ አምስተኛው አለቃ ጥናት ይደረግ አለ፣ ሰባተኛው ጥናቱን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም አለ። ድንቡሼ ስለ አክስቷ ተናገረች፣ ስለ ቅዳሜ ተናገረች። «በጣም ጠቃሚ ግብረመልስ ነው» ብለው አመሰገኗትና ቀጣዩን ስብሰባ ለሦስት ሳምንት ቀጠሩት። በማግሥቱ ሥልጠና ስለሚሄዱ ነው። ሥልጠናው «ውሳኔን ማፋጠን» ይባላል፤ ሦስት ቀን፣ ሐይቅ ዳር፣ ስልክ ተዘግቶ።

ድንቡሼ ቆሽቷ አረረ። ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች። ማልቀስም ማጽደቂያ ቢኖረው ኖሮ እንባዋ እስካሁን አራተኛው አለቃ ጋ ይጉላላ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ላፕቶፗን ስትከፍት ዘጠኝ የውክልና መልእክት ተደርድሮ ጠበቃት። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ ከቢሮ የሚርቅ አለቃ የማጽደቅ ሥልጣኑን ከሥሩ ላለው ይወክላል። ዘጠነኛው ስምንተኛውን ወከለ፣ ስምንተኛው የራሱንም የተወከለውንም ለሰባተኛው አስተላለፈ፣ እንዲህ እየወረደ በመርህ ደረጃ ዘንድ ደረሰ። አንዳቸውም ወካዩም ተወካዩም አንድ አውቶቡስ ላይ መሳፈራቸውን ልብ አላሉም። በመርህ ደረጃ ከሥሩ አለቃ ስለሌለው ለነባሯ ሠራተኛ፣ ለድንቡሼ፣ ወከለና ስልኩን ዘጋ።

«ወይ ጉድ!» አለ ፈታሹ፣ ከኋላዋ ቆሞ። የሁሉን ሰው ሥራ ሞክሮ ስህተት የሚያወጣው እሱ ነው። «ዘጠኝ ሹመት ባንድ ሌሊት!»

«ሊያባርሩኝ ይችላሉ እኮ።»

«ለማባረርም ዘጠኝ ሰው ማጽደቅ አለበት። ዛሬ ደግሞ ዘጠኙም አንቺ ነሽ።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እህቴ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።»

ጀመረች። ሲስተሙ ማጽደቂያውን በወካዩ አለቃ ስም ይመዘግባል፣ ለእያንዳንዱም አስተያየት ይጠይቃል። በመርህ ደረጃን ወክላ «በተግባር ደረጃም እስማማለሁ» ብላ ጻፈች። እናየዋለንን ወክላ «አይተነዋል» አለች። ሰባተኛውን ወክላ ኮሚቴውን በተነችው። ዘጠኙን ለመጨረስ ስድስት ደቂቃ ፈጀባት፤ እሱም ሳቅ ስላቋረጣት ነው።

ወሬው ፎቁን ለማዳረስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። አንዱ ከአምና ጀምሮ የታሰረበትን ሥራ ይዞ መጣ፣ ሌላዋ ሦስት አለቃ የተቀያየረበትን ይዛ መጣች። ፈታሹ እያንዳንዱን ይሞክራል፣ ድንቡሼ ታጸድቃለች። አራቱን መለሰች፤ «ይሄ ገና ጥሬ ነው፣ ሂድና ጨርሰህ አምጣ» ትላለች፣ ሰዉም እሺ ብሎ ይሄዳል። ሥልጣን እንዲህ ቀላል ነገር መሆኑን ማንም ነግሯት አያውቅም። እስከ ዓርብ ሠላሳ ሰባት ሥራ ወጣ።

ዓርብ ከሰዓት አክስት ደወለች። «ድንቡሼ! ‹ላክ› አለኝ! ስልኩን ሳምኩት እኮ! ባለቤቱም እፊቴ አሥር ጊዜ ሞክሮ አፉን ያዘ፤ ሥራሽ ላይ ነሽ አለኝ።»

«እሰይ፣ እቴቴ።»

«ማነው ያስተካከለው? ልመርቀው።»

«አለቆቼ ናቸው።»

«ስንት ናቸው?»

«ዘጠኝ።»

«እግዜር ያብዛቸው!»

«ኧረ እቴቴ፣ በናትሽ ምርቃቱን ተይው!»

ሰኞ ዋና ሥራ አስኪያጇ ዘጠኙንም፣ ሠራተኛውንም ሰበሰቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጣሉት። «ባለፈው ዓመት በሙሉ ከዚህ ዘርፍ ሃያ ዘጠኝ ሥራ ወጣ። ባለፈው ሳምንት በሦስት ቀን ሠላሳ ሰባት። ይሄን ማን አጸደቀ? በትክክል ያልጸደቀ ካለ ዛሬውኑ ሁሉም ወደነበረበት ይመለስ።»

ወደነበረበት ከተመለሰ የድንቡሼ አክስትም ወደ «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» ትመለሳለች፣ ከዚያም ወደ ቤቷ። ድንቡሼ እኔ ነኝ ብላ ልትለምናቸው አፏን ከፈተች።

«መዝገቡ ላይ የሁላችሁም ስም አለ» አሉ ሥራ አስኪያጇ ወደ ዘጠኙ ዞረው።

ዘጠኙ ተያዩ። መጀመሪያ ዘጠነኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «አዎ፣ እኔ አጽድቄዋለሁ።» ስምንተኛው «እኔም በጥልቀት አይቼዋለሁ» አለ። እናየዋለን «በደንብ አይተነዋል» አሉ። ሰባተኛው ኮሚቴውን የበተነው ሌት ተቀን አስቦበት መሆኑን አስረዳ። በመርህ ደረጃ ብቻ ወደ ድንቡሼ ዞሮ ላፍታ አያት፤ ገብቶታል። ከዚያ እሱም እጁን አወጣ።

«ታዲያ ምን አግኝታችሁ ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጇ ተገርመው።

«ሥልጠናው ነዋ!» አሉ ዘጠኙ ባንድ አፍ።

ድንቡሼ ደሟ ፈላ። ‹አንዳችሁም እኮ አልነበራችሁም!› የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሷል። ፈታሹ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጣት። ዝም አይነቅዝም። ዋጠችው፣ እንደ ኮሶ መረራት፣ ግን ዋጠችው።

«ሠራተኛውስ ምን ይላል?» አሉ ሥራ አስኪያጇ። «ሥልጠናው ጠቅሟችኋል?»

«በጣም» አለች ድንቡሼ ብድግ ብላ። «ግን ሦስት ቀን አነሰ። በየወሩ ሁለት ሁለት ሳምንት ቢሄዱ ብለን ነው።»

ሠራተኛው አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጇ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። «ጥሩ ሐሳብ ነው። ይሄን ያህል ጉዞ ግን አስተባባሪ ይፈልጋል፤ አሥረኛ ኃላፊ እንሹም።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ማጨብጨባቸውን አቆሙ። ድንቡሼ ግን እጇን አወጣች።

«ይቅርታ፣ አሥረኛውም አብሯቸው ይሄዳል?»

«ይሄዳል እንጂ!»

«እንግዲያው ይሾም» አለች።