የፍቅሬ ራስ ልክ

ታቢታ ባሏን ፍቅሬን ለዘመቻ ከሸኘች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ፍቅሬ የወባ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። አዋሳ አጠገብ ያለችውን ቡሹሎንና አካባቢውን በገዛ ሞተሩ እያዳረሰ መድኃኒት ሲያስረጭ ኖሮ፣ በተጋቡ በስምንተኛው ወር ወደ ሰሜን ዘመተ። አሁን ደብዳቤ ላከ። ፈቃድ አግኝቻለሁ፣ በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ፣ አንቺን ከኋላዬ አፈናጥጬ ሐይቁን ዳር ዳሩን እወስድሻለሁ ይላል። አሥር ጊዜ ካነበበችው በኋላ ጭንቅ ያዛት። ይህ ሰው ድሮም ሞተር የሚነዳው ራሱን ሳይሸፍን ነው። ከጥይት ተርፎ መጥቶ አዋሳ አስፋልት ላይ ቢወድቅብኝስ አለች። መቼም ናፍቆት ሥራ ካልሰጡት ሰው ይበላል። ሄልሜት ልትገዛ ወጣች።

መሃል ከተማ የሞተር ዕቃ የሚሸጡት አቶ ገብረጻድቅ ዘንድ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ መካከለኛ። ሰውየው ደግሞ ሄልሜት እንደ ጎመን አንስተው የሚሰጡ ነጋዴ አይደሉም።

«ባለ ራሱ የታለ?» አሏት።

«ዘምቷል።»

ሁለቱንም ሄልሜቶች አውርደው ፊቷ አኖሩ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር እንደ ጫማ ነው። ከጠበበ ራስ ያሳምማል፣ ከሰፋ ደግሞ የወደቁ ዕለት ወልቆ ይቀራል። ሳያስጨንቅ ጉንጭን ያዝ ማድረግ አለበት። ልኩን ታውቂዋለሽ?»

«እንዴት አላውቅም!» አለች ታቢታ፤ ተቆጣች ማለት ይቻላል።

ሁለት እጇን ዘረጋች። ፍቅሬ ከሥራ ሲመለስ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጎ ይጋደም ነበር፤ ያኔ በመዳፎቿ መሃል ትይዘው የነበረውን ያህል አየር ላይ ለካች። እጆቿ ሳይዛነፉ ትልቁ ሄልሜት ላይ ልክክ አሉ። ደስ አላት። ለማንም አትናገረው እንጂ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ፊቱ እየጠፋባት ነበር። እጇ ግን አልረሳውም።

አቶ ገብረጻድቅ አልተዋጠላቸውም። «በእጅ ልክ አልሸጥም። ወንድም የለውም?»

እውነታቸውን ነው፤ ለሌለ ሰው ልብስም ጫማም የሚገዛው እሱን በሚያክል ሰው ላይ እየተለካ ነው። ታቢታ ሄዳ የፍቅሬን ታላቅ ወንድም ጋሽ ሙሴን ይዛ መጣች። ጋሽ ሙሴ መምህር ነው፤ መላጣው ከሩቅ ያበራል። ትልቁን ሲያጠልቅ እስከ ዓይኑ ወረደ፤ ራሱን ቢነቀንቅ ሄልሜቱ ለብቻው ዞረ። መካከለኛው ግን እሱን ለክተው የሠሩት ይመስል ገጠመ።

«የሱ ራስ ካንተ ይበልጣል፣ ጋሼ!» አለች።

ጋሽ ሙሴ ሳቀ። «ራሳችንማ አንድ ነው ታቢታ። ልጆች ሳለን አንድ ባርኔጣ ነበር የምንጋራው። እሱን ያገዘፈው ጎፈሬው ነው። ጎፈሬውን ደግሞ ጦሩ ገና በመጀመሪያው ቀን ላጭቶታል።»

ታቢታ ቆማ ቀረች። ወታደር እንደሚላጭ የማያውቅ የለም፤ እሷም ታውቃለች። እጇ ግን አያውቅም። ይህን ሁሉ ጊዜ ይዞ ያቆየው ጸጉሩን ኖሯል፤ ያ ጸጉር አንድ የጦር ሰፈር ውስጥ ተጠርጎ ከተጣለ ሁለት ዓመት አልፎታል። በወሩ መጨረሻ የሚመጣው ራስ እሷ ነክታው የማታውቀው ራስ ነው። በሰው ፊትማ አላለቅስም ብላ ከንፈሯን ነከሰች።

አቶ ገብረጻድቅ መካከለኛውን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመሩ።

«አይ፣ ትልቁን ይስጡኝ» አለቻቸው።

«ይሰፋዋል እኮ ልጄ! ልቅ ሄልሜት ከምንም አያድንም።»

«ጎፈሬው እስኪያድግ ሞተሩን አይነዳም። በእግራችን እንሄዳለን።»

«ጎፈሬ እኮ ዓመት ይፈልጋል። ፈቃዱ ስንት ቀን ነው?»

ታቢታ ትልቁን ሄልሜት በሁለት መዳፎቿ መሃል አንስታ ደረቷ ላይ ታቀፈችው።

«አሥራ አምስት ቀን» አለች።