ቅልጥም ላይ የተሰመረው መስመር

ልብስ ሰፊው አዛውንት ሆስፒታል ከገቡ ወዲህ ማንንም አያምኑም ነበር። የሱቃቸው የብረት በር ከማጠፊያው ወልቆ ቅልጥማቸው ላይ ሲወድቅ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ፤ ሐኪሞቹም ቁስሉን አጥበው፣ የተሰበረውን ከውጭ በብረት ዘንግ ደግፈው አስተኟቸው። እስከዚህ ደህና። ነገሩ የተበላሸው በሹክሹክታ ነው።

ሴት ልጃቸው ከምታክማቸው ሐኪም ጋር መተላለፊያው ላይ ቆማ ስታወራ "በዚህ ዕድሜያቸው" የምትል ቃል ሾልካ ጆሯቸው ገባች። ሌላው አልተሰማም። ሰው ደግሞ፣ ልጆቼ፣ ከሰማው ይልቅ ያልሰማው ያስጨንቀዋል። ልጅቱ ዓይኗ ቀልቶ ገባች። ምን አለችሽ ቢሏት፣ ምንም፣ እግርህን ሊያድኑት እየሞከሩ ነው አለች። ምንም ካልተባለ ለቅሶው ለምን? አዛውንቱ ጥርጣሬያቸውን እንደ መርፌ በከንፈራቸው ያዙት።

ጎናቸው የተኛው ጡረተኛ ዘበኛ ደግሞ ነገር ማባባስ ይወዳል። "ጋሼ መቀስ" የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። እሱ እንደሚለው ሐኪም በሽማግሌ ጊዜውን አያጠፋም፤ ቆርጦ ወደ ቤት ይሸኛል።

"አይዞህ ጋሼ መቀስ፣ ለመስፋት እጅ እንጂ እግር ምን ያደርጋል" አላቸው።

ጥርሳቸው ሳቀለት፣ ሆዳቸው አልሳቀም። የስፌት መኪናቸው በእግር የሚረገጥ ነው፤ ሁለቱ እግሮች እየተቀባበሉ ካልረገጡት ክር መበጠስ ልማዱ ነው። እግሩ ከሄደ ሥራውም ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የልጅ እጅ ጠባቂ መሆን ነው።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ መጣች። ቁስሉን ገልጣ አየች፣ ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገች፣ ከዚያ ከኪሷ ብዕር አውጥታ ከቁስሉ በላይ፣ ከአሮጌ ጠባሳቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ቅልጥማቸውን የሚዞር መስመር አሰመረች። ነገ ጠዋት እናየዋለን ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። እሷም አላስረዳች፣ እሳቸውም አልጠየቁ። ምን ይጠይቃሉ? ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ላይ በጠመኔ ያሰመሩ ሰው ናቸው። የተሰመረበት ላይ መቀስ ይሄድበታል፤ አለቀ።

ልጃቸው የመታጠቢያ ውሃ ስታመጣ፣ ራሴ እታጠባለሁ ብለው አስወጧት። ጨርቁን በሳሙና አርሰው መስመሩን አሹት። ቀለሙ እልኸኛ ነበር፤ ቢሆንም ለቀቀ። ዘበኛው አላየም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ።

ጠዋት ሐኪሟ ብርድ ልብሱን ስትገልጥ ፊቷ ተለወጠ። መስመሩን ማን አጠፋው ብላ ነርሷን ጠየቀች፤ አላውቅም አለች። ያን ጊዜ ነው ያስረዳችው። መስመሩ ቁስሉ አመርቅዞ ያመጣው ቅላት ዳር ነበር። ቅላቱ እዚያው ከቆመ መድኃኒቱ እየሠራ ነውና መጠበቅ ይቻላል። ካለፈ ግን ቁስሉ ዛሬውኑ ተከፍቶ የሞተው ሥጋ መነሣት አለበት፤ ያለዚያ እግሩ አይተርፍም። አሁን ማለፍ አለማለፉን በምን ትወቅ?

አዛውንቱ እግራቸውን አዩ። መስመሩ ከአሮጌው ጠባሳቸው በታች ነበር፤ ቅላቱ ዛሬ ጠባሳውን አልፏል። ይህን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ግን ወጥመድስ ቢሆን? ካደነዘዟቸው በኋላ ምን እንደሚቆረጥ ማን ያያል? ከጠባሳው በላይ ነበር ቢሉ ዛሬን ከእግራቸው ጋር ያድራሉ።

"እኔ ነኝ" አለች ልጃቸው። "ሳጥበው ለቆ ይሆናል።"

ዓይኗን ሳታሽ ዋሸች። አዛውንቱ ትክ ብለው አዩዋት። እንዲህ መዋሸት ከቻለች ትናንትስ?

"ትናንት መተላለፊያው ላይ ምን ተባባላችሁ? እውነቱን ንገሪኝ።"

ልጅቱ ሐኪሟን አየች፣ ከዚያ መሬቱን። "በዚህ ዕድሜያቸው ደጋግሞ ማደንዘዝ ለልባቸው ያሰጋል፣ መቁረጡ ይቀላል የሚል ሐኪም አይጠፋም አለችኝ። እኔ ሞክሩለት አልኩ፣ አባዬ። ብትሞትብኝ ገዳይህ እኔ ነኝ።"

"ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትፈራለህ ብዬ።"

ሐኪሟም ትናንት ለእርስዎ ራስዎ መንገር ነበረብኝ አለች።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አሉ አዛውንቱ። "ከጠባሳው በታች ነበር። አልፏል።" ቀጥለው ሐኪሟን፣ "ስነቃ እግሬ ይኖራል?" አሏት።

"ስለ ነገ ቃል አልገባም፣ አባባ። ዛሬ ግን ሳልነግርዎ አልቆርጥም።"

ቃል ብትገባ ኖሮ አያምኗትም ነበር። ያም ሆኖ ልጃቸውን የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ እንድትቆም አዘዙ።

ሲነቁ፣ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አለ አለች ልጃቸው፤ አላመኗትም። ዘበኛው ጣቶቹ ከኔ ያምራሉ ብሎ መሰከረ፤ እሱን ማን ያምናል? በክርናቸው ተደግፈው፣ ብርድ ልብሱን ገልጠው ራሳቸው አዩ። እግሩ አለ፤ ከጠባሳው በላይ ደግሞ አዲስ መስመር ዞሮበታል። ከዚያ በኋላ ሊያጥባቸው የመጣን ሁሉ፣ ነርስም ይሁን ልጅ፣ "ውሃሽን ከመስመሩ ወዲያ" እያሉ ያባርሩ ጀመር።