ምንጣፉ ላይ የፈሰሰው ጀሶ

በዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ ጠብታ ቀለም ማፍሰስ፣ ጉድ በሉ፣ ነፍስ ከማጥፋት አያንስም ነበር። እናትየው ምንጣፏን ከልጇ ለይታ አታይም። ልጅቱ ከጭቃና ከቀለም ጋር ስትታገል ያደገችው ጓሮ ነው፤ ዝናብ ቢዘንብም ጓሮ። አድጋ ቀራጺ ስትሆንም መልሱ ያው፣ "ጥበብሽን እዚያው ደጅ!" ነበር። ጡረታ የወጣው ልብስ ሰፊ አባቷ በዚህ ሲስቅ ኖሯል። "ይቺ ሴትዮ ሬሳዬን ሊያወጡ ለሚመጡት እንኳ ጫማችሁን ጥረጉ ማለቷ አይቀርም" ይል ነበር።

አሁን የምሩን ሊሞት ነው። ሐኪሙ ለእናትና ለልጅ ነገራቸው፤ እነሱ ደግሞ ለእሱ "የጨጓራ ነገር ነው፣ ይለቅሃል" አሉት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እነዚህ ግን የደበቁት ከራሱ ከበሽተኛው ነው። ካወቀ ልቡ ይሰበራል፣ የቀረችውን ዕድሜ በቁሙ ሞቶ ይጨርሳታል ብለው ፈሩ።

ልጅቱ መቀስ ይዞ ያሳደጋት እጅ በጀሶ እንዲቀርላት ፈለገች። "የእጅ ቅርጽ ታዝዤ ነው አባዬ፣ እጅህን አውሰኝ" ብላ ዋሸችው። እሱ ከሳሎኑ ሶፋ አልፎ መሄድ አቅቶታል። ጓሮ አይታሰብም።

ጠረጴዛውን ወደ ሶፋው አስጠጋች። ምንጣፉን እንዳትጠቀልለው አባቷ የተቀመጠበት ሶፋ ረግጦታል፤ ስለዚህ ላስቲክ አነጠፈችበት፣ አሮጌ አንሶላ ደረበችበት፣ ጠርዙን በስኮች አጣበቀች። ጀሶውን በባልዲ በጠበጠችና ሳፋ ውስጥ ገልብጣ፣ ቫዝሊን የተቀባውን እጁን አሳረፈችበት።

"እንዳትነቃነቅ። ሲጠነክር ይሞቅሃል፣ አትደንግጥ።"

"ይሙቀኝ እንጂ! ሌላው ሰውነቴማ በረዶ ነው" አለ እየሳቀ።

ጨርቅ ልታነሳ ዞር ስትል ክርኗ ባልዲውን መታው። የተረፈው ጀሶ ከአንሶላው አልፎ ምንጣፉ ላይ ተንጣለለ። አባትየው የሚመጣውን ጩኸት እየጠበቀ ቀድሞ መሳቅ ጀመረ። እናትየው ከጓዳ ብቅ አለች፤ አየችው።

"ተዪው ልጄ" አለች በቀስታ። "ምን አለበት፣ ምንጣፍ ነው።"

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሚስቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከታት።

"ስንት ጊዜ ቀረኝ?" አለ።

ልጅቱ "አባዬ፣ ምን ማለትህ ነው" ብላ ጀመረችና ውሸቱ አፏ ውስጥ አለቀባት። ወይኔ! ያን ሁሉ ጊዜ አፋቸውን ሲጠብቁ ምንጣፉን ረስተውት ኖሯል። እናትየው መሬት መሬቱን ታያለች። አባትየው አለቀሰ። ልጅቱ እጁን ልታወጣለት ስትል "ተዪ፣ ይበላሽብሻል" አላት። ቅርጹን ማንም እንዳላዘዛት ማን እንደነገረው እንጃ፤ እጁን ግን አላነቃነቀም።

ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። "በይ ጥረጊው፣ ሳይደርቅ።"

"ኧረ ይቅር..."

"ጥረጊው አልኩሽ! ተቆጪም። ገና ሳልሞት ቤቴ ውስጥ እንግዳ አታድርጊኝ።"

እናትየው ተንበረከከች። ጨርቁን ነክራ ምንጣፉን ትፈትግ ጀመር። "እናንተ... እናንተ የቤት ጠላቶች" አለች፣ "ስንቴ ነው ደጅ፣ ደጅ ያልኳችሁ?"

"እንደሱ" አለ አባትየው ዓይኑን ጨፍኖ። "ጮክ በይ።"