የቬርና የሌሊት መብራት

ኖሪን ኦርቪልን የናቀችው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ኢንሹራንስ ሲሸጥ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ ማግሥት አልጋው፣ ምድጃው፣ ሻወሩ ሁሉ በውስጡ ያለ፣ አውቶቡስ የሚያህል ካምፐር ገዛ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማያውቀው ነገር የለም። የሰሜኑን በረዶ ሸሽተው የብርዱን ወራት አሪዞና በረሃ ላይ በሚያሳልፉ ጡረተኞች መሀል፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጥላው ሥር በታጣፊ ወንበሩ ተቀምጦ ያስተምራል። ስለ ባትሪ ያስተምራል። ስለ ጎማ ያስተምራል። አንድ ቀን ጎረቤቱ ኖሪን የራሷን ካምፐር የውሃ ቱቦ ስታጠብቅ አይቶ፣ "ወደ ቀኝ ነው የሚጠብቀው፣ የኔ እመቤት" አላት።

ኖሪን በዱሉት ወደብ ሠላሳ አራት ዓመት የመርከብ ኤሌክትሪክ ስትዘረጋ የኖረች ሴት ናት። ቀና ብላ አየችውና መልሳ አጎነበሰች። ለአንዳንድ ሰው መልስ መስጠት ወንበር እንደማቅረብ ነው።

ሚስቱን ቬርናንም ቢሆን ብዙ አልወደደቻትም። ባል ሲናገር ፈገግ፣ ባል ሲጠማው ብድግ። እንዲህ ያለ ትዳር ስታይ ኖሪንን ጥርሷን ያማታል።

አንድ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች በሰፈሩ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተገናኙ። ቬርና ቁምጣ ለብሳለች፤ አንድ ቅልጥሟ ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በልዞ ጠቁሯል።

"ምን አገኘሽ?" አለቻት ኖሪን።

"የሻወሩ ደፍ ነው። ሌሊት ስነሳ አይታየኝም።"

"መብራት የላችሁም?"

"አለን እንጂ። ግን ካበራሁት ኦርቪል ይነቃል። ከነቃ ደግሞ ታውቂያለሽ።"

"አላውቅም።"

"ይጮሃል" አለች ቬርና ፎጣ እያጣጠፈች።

ለመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ የሌሊት መብራት እንዲያስገባላት ከጠየቀችው አራት ዓመት ሆኗታል። እሱ ግን፣ "ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ሰባት እርምጃ ነው፤ ዶሮ እንኳ በጨለማ ቆጧን ታገኛለች" ይላታል። ኖሪን ይህን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች። ዶሮ አርብቶ ቢያውቅ ማታ ማታ ዳፍንታም መሆኗን አያጣውም ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ነዝንዛው ነዝንዛው በባትሪ የሚሠራ መብራት ገዛና ከሽንት ቤቱ መቀመጫ በላይ በሙጫ ለጠፈላት። ኒው ሜክሲኮ ላይ መንገዱ ሲያንገጫግጫቸው ተላቀቀና ቁልቁል ሽንት ቤቱ ውስጥ ገባ።

"ሦስት ቀን ሙሉ ከታች ሆኖ አበራልን" አለች ቬርና። እሷ ግን አልሳቀችም። "አንቺ ኤሌክትሪክ ትሠሪ ነበር አሉ። እባክሽ።"

ኖሪን በማግሥቱ ከቁርስ በኋላ የመሣሪያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች። ኦርቪል ሁለት ጎረቤቶቹን ከጎኑ አስቀምጦ ይጠብቃታል።

"ይኸው፣ እመት መሐንዲስ መጡ!" አለ። "ሚስቴ በሰባ ዓመቷ ጭራቅ ይበላኛል ብላለች።"

"መብራት ሲበራ የምትጮኸው አንተ አይደለህ እንዴ?" አለችው ኖሪን፣ ሳትቆም።

ጎረቤቶቹ ሳቁ። "ካቻቢቴው በየት በኩል እንደሚያዝ ከጠፋሽ ጥሪኝ!" ሲል ኦርቪልን ከኋላዋ ሰማችው።

ሥራው ቀላል ነበር። የጣሪያውን መብራት መፍታት፣ ከሽቦው ላይ መጥለፍ፣ በግድግዳው ውስጥ ቁልቁል ማውረድ፣ ከዚያ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ብርቱካንማ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ አምፖል መትከል። ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ኖሪን ዋናውን የኤሌክትሪክ መስመር አጥፍታ የጣሪያውን መብራት ፈታች። ሽቦዎቹን ስባ ስታወርዳቸው እጇ ባለበት ቀጥ አለ።

ሁለቱ ሽቦዎች እንደ ጫማ ክር ተጠማዘዋል፤ ላያቸው ላይ ናስትሮ ሳይሆን ቀይ አጋዘን የታተመበት የገና ስጦታ ማሸጊያ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ፕላስተሩ ቀልጧል፣ አጠገቡ ያለው እንጨት ከስሏል። ፊውዙን ሄዳ አየችው። የተቃጠለው ፊውዝ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ለብሶ ተመልሶ ተሰክቷል።

"ይሄን የነካካው ማነው?"

"ኦርቪል" አለች በሩ ላይ የቆመችው ቬርና። "አምና የአየር ማውጫው ሲበላሽ።"

"የምትተኙት የት ነው?"

ቬርና የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ በመዳፏ ነካችው። ትራሷ ከዚያ ማዶ ነው።

ኖሪን የከሰለውን የሽቦ ቁራጭ ከነፕላስተሩ በፒንሳ ቆርጣ ወጣችና ከኦርቪል ኩባያ አጠገብ አስቀመጠችው።

"ምንድነው ይሄ?"

"አንተ ንገረን እንጂ፣ መምህር።"

አገላብጦ አየው። "የፋብሪካ ስህተት ነው" አለ ለጎረቤቶቹ። "ዛሬ ዛሬ ሥራ የሚባል ነገር ጠፍቷል።"

አንደኛው ጎረቤት መነጽሩን አስተካክሎ ቁራጩ ላይ አፈጠጠ። "ፋብሪካው አጋዘን ያትማል?"

ኖሪን ይህን ቀን ሁለት ወር ሙሉ ስትመኘው ኖራለች፤ ሌላም የምትለው ሦስት አራት ነገር ምላሷ ላይ ተደርድሮ ነበር። ግን ቬርና ቀደመቻት።

"ያ ፕላስተር የኔ ነው" አለች ከደረጃው ላይ። "ለልጅ ልጆቻችን ስጦታ ልጠቀልል ብፈልገው አጣሁት። ብጠይቅህ፣ 'አላየሁም' ብለህ ማልክልኝ።"

"ኧረ ቬርና፣ በሰው ፊት..."

"ዓመት ሙሉ እሳት ተንተርሼ ተኛሁ። አንተ እንቅልፍህ እንዳይቋረጥ ብዬ እኔ በጨለማ ስደናበር!" ገብታ ትራሷንና የጥርስ ብሩሿን ይዛ ወጣች። "ሌላም የነካካኸው ሁሉ እስኪታይ ድረስ እዚህ ውስጥ አልተኛም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኖሪን ካምፐር ውስጥ፣ በጠባቧ ሶፋ ላይ ታድር ጀመር። አላለቀሰችም፣ ኦርቪልንም አላማችውም። ኖሪን ሴትዮዋን እንዴት አድርጋ እንደመዘነቻት እያሰበች፣ ትንሽ አፈረች።

በሦስተኛው ቀን፣ ጎረቤቶቹ ገበያ ሊዞሩ በሄዱበት ሰዓት፣ ኦርቪል አንድ ወረቀት ይዞ መጣ።

"አሥራ አንድ ቦታ ነው" አለ።

ኖሪን አነበበችው። "አሥራ አንድ ቦታ ነክተህ እስካሁን በሕይወት ያለኸው እግዜር ሌላ ሥራ ቢያጣ ነው።"

"ሥሪልኝ ልል አልመጣሁም። አሳዪኝ ልልሽ ነው።"

አሳዘናት ማለት አይቻልም። ጥቂት ቁራጭ ሽቦዎችና ማያያዣዎች ወረወረችለት።

የመጀመሪያውን በጠሰው። "እንደገና" አለችው። ሁለተኛው ላላ። "እንደገና።"

"ይሄ እኮ ዋናው ምክንያቱ" ብሎ ሊያብራራ ሲጀምር፣ "አፍህን ዝጋና ሥራ" አለችው። ዘጠነኛውን ስትጎትተው አልተላቀቀም።

"ይሄ ይይዛል" አለች። ምስጋና አልጨመረችም።

አሥራ አንዱን ቦታ ለመጨረስ አራት ቀን ፈጀባቸው፤ ኖሪን በእያንዳንዱ ላይ ቆማ አየች። የሌሊት መብራቱን ግን ራሷ ተከለችው፤ እሱን አላስነካችውም።

ቬርና ተመልሳ መጣች። በጠራራ ፀሐይ መታጠቢያ ቤት ገብታ መስኮት የሌለውን ክፍል በር ዘጋችና ማብሪያውን ተጫነች። ደፉ ታያት፣ ነጠላ ጫማዋ ታያት። እንደወጣች፣ "ኦርቪል፣ ይሄ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል" አለች።

"ከበሩ ሥር ወደ ዓይኔ ይመጣል እኮ።"

"ፊትህን አዙር።"

በሳምንቱ ኖሪን የቆሻሻ ከረጢቷን ይዛ ስታልፍ፣ ኦርቪል ወንበሩ ላይ ተመልሶ፣ "የሌሊት መብራት ዝቅ ብሎ ነው የሚተከለው" እያለ ለአዲስ መጤዎች ያስረዳል። ከመስኮቱ ውስጥ የቬርና ድምፅ መጣ፤ "ማን እንደተከለውም ንገራቸው።"

ኦርቪል ጉሮሮውን ጠራረገ። "እሷ ናት" አለ፣ ስሟን ሳይጠራ በአገጩ ወደ ኖሪን እያመለከተ።

ኖሪን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ከረጢቷን ልትጥል ሄደች።