ቀኙ ነው ያልኩት

ታላቅ ወንድሜ መኪናውን ወደምሠራበት ጋራዥ ያመጣት ሌላው ጋራዥ ሁሉ ቀጠሮ አልሰጥ ሲለው ነው። በሴት ልጁ ዕድሜ ሁለት እጥፍ ያረጀች መኪና ናት። መሪ ሲጠመዘዝ «ቀጭ ቀጭ» ትላለች፤ እሱ ደግሞ በዚያው ቀን ልጁን ይዞ ትልቁን ቁልቁለት ሊወርድ ቸኩሏል።

መኪናዋን ከፍ አድርጌ ልፈትሽ ክሪክ ሳነሳ ሳቀ። «ደህና መካኒክ በጆሮው ያውቃል ሲሉ ነበር። ወይስ እዚህም ሰነፍ ተማሪ ነህ?»

«እዚህም» አለ፣ ሰው ፊት። እሱን ያስተማሩት፣ እኔን ጋራዥ የሰደዱኝ ወላጆቻችን ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት እያነሳ የሚስቅብኝ ግን እሱ ነው። እልህ ያዘኝና ክሪኩን ጥዬ መኪናዋ ውስጥ ጎኑ ተቀመጥኩ። መሪውን ጥግ ድረስ አዙሮ ግቢውን ዞረ። ድምፁ አለ፤ ከየት እንደሆነ ነው ችግሩ። ግራ ጆሮዬ ድሮ ደንቁሯል። ለእኔ የዓለም ጫጫታ ሁሉ ከቀኝ ነው የሚመጣው።

«ቀኙ ነው» አልኩ።

ጋራዥ ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም። ጆሮ የሌለውን መካኒክ ማን ያቆየዋል? ጎማውን የሚያዞረውን የቀኙን ዘንግ፣ ሴሚያሱን፣ አውጥቼ አዲስ ገጠምኩ። ያወጣሁትንም አልፈተሽኩም፤ ወንድሜ በላዬ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያላ! «ሞክራት» ብሎ ቁልፉን ሲሰጠኝ መልሼ ሰጠሁት። ሞክሬ ምን ልሰማ?

ልጁን ይዞ ከሄደ በኋላ አሮጌውን ሴሚያስ ጠረጴዛው ላይ ባለው ማሰሪያ ሞርሳ አስሬ፣ በጎማው በኩል ያለውን መገጣጠሚያ ወዘወዝኩት። ንቅንቅ አይልም። የመገጣጠሚያውን የላስቲክ ሽፋን ገልጬ ግራሶውን በጣቴ ጠረግሁ። ውስጡ ያሉት የብረት ኳሶች እንደ መስታወት ያበራሉ። ጤነኛውን አውጥቼ በሽተኛውን አስቀርቻለሁ።

የግራው ቁልቁለት ላይ ከተሰበረ፣ ሴሚያሱ እየተወራጨ የፍሬኑን ቱቦ ይበጥሰዋል። እንዲህ ሆና ተጎትታ የመጣች መኪና አይቻለሁ። ሹፌሯ አብሯት አልመጣም።

ለወንድሜ ደወልኩ። አይነሳም። የጎማ ዳዶ ሳላጠብቅ ቀረሁ ብዬ ልዋሽ አሰብኩ፤ ግን ዳዶ ነው ካልኩት ራሱ አጥብቆ ይቀጥላል። ግራሶ በነካው እጄ ስልኩ ሁለቴ አመለጠኝ። በሦስተኛው ሙከራ የወንድሜ ልጅ አነሳች።

«አጎቴ! ይቺ መኪና አሁንም ትንጫጫለች እኮ። አባዬ እንዳይሰማት ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።»

«የት ደረሳችሁ?»

«ቁልቁለቱ ሊጀምር ነው።»

«አቁም በይው! አሁኑኑ! ስጪው!»

«ደግሞ ምን ሆንክ?» አለ ወንድሜ።

«ጎኑን ተሳስቻለሁ። ግራው ነው የተበላው። እንዳትንቀሳቀስ።»

«በጆሮህ ሰምተህ አልነበር እንዴ?»

«ግራ ጆሮዬ አይሰማም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

አጠገቤ የነበረው የጋራዡ አለቃዬ ሥራውን አቁሞ ዞረ። ይስማ እንግዲህ። «ደብተሬን ቀደድክ ብለህ በጥፊ ካጮልከኝ ቀን ጀምሮ።»

ከወዲያ ሬዲዮውን ሲያጠፋው ሰማሁ። «አቁሜያለሁ» አለ።

አሮጌውን ሴሚያስ ታቅፌ ወደቆሙበት በሚኒባስ ደረስኩ። መንገድ ዳር ክሪክ ሰክቼ የግራውን ስይዘው ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ተወዛወዘ። የሁለቱ ሴሚያሶች ርዝመት ቢለያይም መገጣጠሚያቸው አንድ ነው፤ ካመጣሁት ላይ ጤነኛውን መገጣጠሚያ ነቅዬ ለግራው ገጠምኩለት። ወንድሜ በግራዬ ቆሞ ሲያወራ ቆየና፣ ወደ ቀኜ ዞረ።

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ልትስቅብኝ?»

ቁልፉን ዘረጋልኝ። «አንተ ንዳ። እኔ ልስማልህ።»

ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ከኋላ ልጅቷ ወንበሬን ጨምድዳ ይዛለች። በየኩርባው መሪውን ስጠመዝዝ አንዴ መንገዱን፣ አንዴ የወንድሜን ፊት አያለሁ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ቅንድቡ ተነሳ። እግሬ ፍሬኑ ላይ ወጣ።

«ምንድነው?»

«ምንም የለም። ቀጥል።»

በሕይወቴ አምኜው አላውቅም። ግን እግሬን ከፍሬኑ አነሳሁና ወደሚቀጥለው ኩርባ ወረድኩ።