ያላነበብኩት የድጋፍ ደብዳቤ

በኔብራስካዋ ትንሽ ከተማችን እንደ ሐኪም መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ የሐኪም ረዳት ዌንዴል ብቻ ነው። ለዚሁ ሙያ ማስተርስ ሳመለክት፣ ኮሌጆቹ ከሙያው ሰው የሚጠይቁትን የድጋፍ ደብዳቤ ከእሱ፣ ከክሊኒኩ አለቃዬ፣ ሌላ የሚጽፍልኝ አልነበረም። ደብዳቤውን ላለማየትም ፈርሜያለሁ፤ አልፈርምም ያለን ኮሌጆቹ ይጠረጥሩታል።

«አንቺ ልጅ፣ ጥለሽኝ ልትሄጂ?» አለኝ እየሳቀ። «ክሊኒኩን ማን ይሸከምልኛል?»

«ትከሻ ሰፊ ሰው ይቅጠሩ፣ አለቃዬ።»

«አይዞሽ፣ አሳምሬ እጽፍልሻለሁ።»

ሲወጣ እንግዳ ተቀባይዋ ዳርሊን ቀና አለች። ውጤቷ ከእኔ ይበልጣል፤ ለዚሁ ሙያ በየዓመቱ ብታመለክትም ግን አንድም ኮሌጅ ለቃለ መጠይቅ እንኳን ጠርቷት አያውቅም።

«ለእኔም እንዲሁ ብሎኝ ነበር፣ እህቴ» አለች ቀስ ብላ።

ዛሬ ጠዋት በማመልከቻው ድረ ገጽ ላይ ደብዳቤው መላኩን አየሁ። ከሰዓት በኋላ ዌንዴል ስሜ ከክሊኒኩ ስም ጋር የተጠለፈበት አዲስ የሥራ ልብስ ይዞልኝ መጣ።